ስም የሌለው ካሴት፦ የማናውቀው ሰው የመረጣቸውን ዘፈኖች ስንሰማ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ከምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ ቴፕ ገዛሁ። የካሴት ፍቅር ኖሮኝ አይደለም፤ የእናቴ የሠርግ ካሴት ማጫወቻ አጥቶ መሳቢያ ውስጥ ስለቀረ ነው። ሻጩ በዋጋ ሲከራከረኝ ቆይቶ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ደርሼ ሳየው ውስጡ ካሴት አለ፤ ባለ 90 ደቂቃ። ፊቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ክረምት» የሚል ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ከመጀመሪያው ጀምሪ» ይላል። ከዚህ ሌላ የዘፈኖች ዝርዝርም ሆነ የሰው ስም የለውም።

እኩዮቼ እንዲህ ያለውን ካሴት ያስታውሱታል። ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ሙዚቃ ቤት ይሄድና ባዶ ካሴት ላይ ያስቀዳል፤ ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ያለው ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ይቀዳል። ከዚያ ለፍቅረኛ ወይም ውጭ አገር ላለ ወንድም ይላካል። ካሴቱ ካልተላከለት ሰው እጅ ሲገባ ግን ያ ሰው እንዴት ሊሰማው እንደሚገባ የነገረን የለም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

ባገኙት ማጫወቻ ማስጀመር

የመጀመሪያው ስህተቴ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ካሴቱ እዚያው ውስጥ ስለነበረ ገመዱን ሰካሁና ተጫንኩት። ማሲንቆ ሁለት ጊዜ ያህል ገዘገዘ፤ ከዚያ ድምፁ እየወፈረ ሄዶ ሰጠመ። ክዳኑን ስከፍት ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። ቴፑ ካሴቱን በላው ማለት ነው።

ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑ አዛውንት ዘንድ ወሰድኩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔንም ቴፑንም አዩና «ልጄ፣ ይህን ያህል ዓመት ተኝቶ የኖረን ሰው ተነሥተህ ሩጥ ትዪዋለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ክሩን በወረንጦ እየፈቱ ነገሩን አስረዱኝ። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ ነው። በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ የቴፑን ራስ፣ ማለት ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ብረት፣ ታክኮ ያልፋል፤ ባለ 45 ደቂቃ አንድ ገጽ ሲያልቅ ወደ 130 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። የሚጎትቱት አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግና ከእርሷ ጋር የምትጣበቅ ጎማ ናቸው። ቺንጋው ላልቶ ክሩን የሚጠቀልለው ጥርስ መዞር ካቆመ፣ ጎማው እየገፋ የሚልከው ክር መሄጃ ያጣና እዚያው ይጠመጠማል። የእኔ የሆነው ይህ ነው።

ስለዚህ ቴፑን አስቀድማችሁ ቢጠፋ በማያሳዝናችሁ ሌላ ካሴት ሞክሩት። የቴፑን ራስና ጎማውን አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ካሴቱ ላይ የላላ ክር ካለ ባለ ስድስት ማዕዘን እርሳስ ቀዳዳው ውስጥ ከታችሁ በቀስታ አጠንጥኑት። ክሩን ከቴፑ ራስ ጋር የምታስጠጋው ትንሿ ትራስ መኖሯንም እዩ፤ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይደበዝዛል። ከዚያ ክሩን ሳታጫውቱ እስከ መጨረሻው አስኪዱትና መልሱት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል። ባለ 120 ደቂቃ ከሆነ ክሩ ከሌሎቹ የሳሳ ስለሆነ ይህንንም በፍርሃት አድርጉት። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ደግሞ ዛሬውኑ ስበሯቸው። እነርሱ ከሌሉ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም፤ አንድ ሕፃን ወይም አንድ የደከመ ምሽት የሰውን ካሴት አያጠፋም።

አዛውንቱ ክሩን አቃንተው መለሱልኝ። የተጨማደደው ስንዝር የሚሆን ብቻ ነው፤ ማሲንቆው ግን እስከ ዛሬ መነሻው ላይ ይንቀጠቀጣል። ይህ መንቀጥቀጥ ካሴቱን የሠራው ሰው ያላስገባው፣ የእኔ አስተዋጽኦ ነው።

መዝለል

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» ተብሎ ተጽፎልኝ እንኳ፣ ሦስተኛው ዘፈን አልጥም ሲለኝ ወደ ፊት አሳለፍኩት። የስልክ ልማድ ነው። ካሴት ላይ ግን የሚቀጥለው ዘፈን የት እንደሚጀምር ስለማይታወቅ ስታልፉ ከአራተኛው ወገብ ላይ ትወድቃላችሁ። ዘፈን የሚደረድር ሰው የሚናገረው በቅደም ተከተሉ ነው፤ ዘፈኖቹን አልደረሳቸውም፣ አልዘፈናቸውም፤ የእርሱ የሆነው የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ብቻ ነው። እርሱን ከዘለላችሁ የሰማችሁት ዘፋኞቹን እንጂ ሰውየውን አይደለም። (ሰውየው እላለሁ እንጂ ሴት ልትሆንም ትችላለች።)

ርዕሱን በአንድ ትርጉም መያዝ

«ክረምት» የሚለውን ሳይ ዝናብ፣ ጭጋግ፣ የተዘጋ መስኮት ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ገጽ ስምንት ዘፈኖች አሉት። ከማሲንቆው ቀጥሎ የመጣው ግን የሞቀ የሠርግ ዘፈን ነው፤ ጭብጨባና እልልታ የተሞላ። በክረምት ማን ይሞሸራል? ቀጂው ካሴት ተሳስቶበታል ብዬ ሳቅሁ። ሦስተኛው፣ ያው የዘለልኩት፣ ስለ መንገድና ስለ አቧራ ነው። ዝናብ የሚለው ቃል እስከ ስድስተኛው ዘፈን ድረስ አንድም ጊዜ አልተነሣም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው ነገሩ የገባኝ። ሠርጉ ግንቦት ነው። የሰኔ ጾም ሳይገባ የሚደገሰው የመጨረሻው ሠርግ። አቧራው ደግሞ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሣው ነው፤ መንገደኛውም ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ የሚሄድ ሰው ነው። ከዚያ ካሴቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከአራተኛው ጀምሮ እስከ ገጹ መጨረሻ ሁሉም ትዝታ ቅኝት ውስጥ ናቸው፤ አንዱ በክራር ብቻ የተዘፈነ። ካሴቱን ስታገላብጡት ሐምሌ ላይ ናችሁ። የሁለተኛው ገጽ አራተኛው ዘፈን የቡሄ ጭፈራ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ድምፁ ሁሉ ይፈካል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን ተረት እያወቀ ነው ነሐሴ 13ን እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው።

ለእኛ ክረምት የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቤተ ክርስቲያን ራሱን የቻለ ዜማና ምንባብ የምትሰጠው ዘመን ነው። ተማሪ ቤት ይዘጋል። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ስለሚቆርጥ፣ የሄደ ሰው ውኃው እስኪጎድል አይመለስም። ይህ ካሴት ስለ ዝናብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ስለ መጠበቅ ግን ሙሉ 90 ደቂቃ ይናገራል። ከርዕሱ ጋር አልሄድ ያለ ዘፈን ሲያጋጥማችሁ፣ ቀጂው ተሳሳተ ከማለታችሁ በፊት ርዕሱን ሌላ ጎኑን አዙራችሁ እዩት።

ጫጫታውን እንደ ቆሻሻ መቁጠር

በዚህኛው ራሴን እስካሁን አልማርኩም። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ ድምፅ የሚያጠራ ፕሮግራም ስላለ ሹክሹክታውን ሁሉ ላጽዳ አልኩ። አጸዳሁት። ዘፈኖቹ ጥርት አሉ፤ ደስ አለኝ፤ ለእህቴም ላክሁላት። ከሳምንት በኋላ ካሴቱን ራሱን እየሰማሁ ሳለ፣ በሁለተኛው ገጽ ሁለተኛና ሦስተኛ ዘፈን ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። እነዚህ ሁለቱ በሽቦ የተቀዱ አይደሉም፤ ድሮ እንደምናደርገው ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ተቀምጦ በአየር የተቀዱ ናቸው። ስለዚህ ክፍሉም አብሮ ተቀድቷል። አንድ በር ይንቋቋል፤ ከዘፈኑ ኋላ ደግሞ ያ ሹክሹክታ ያልኩት ነገር ሳይቋረጥ ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ነው። ካሴቱ ውስጥ ያለውን ብቸኛ እውነተኛ ክረምት በአንድ ቁልፍ አጥፍቼው ነበር።

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ሲያወጣው በመጀመሪያ ያሰበው ለንግግር መቅጃ ነበር፤ ለሙዚቃ መብቃቱ በኋላ ነው። የሰውን ቤት ድምፅ መሸከም ከጥንትም ሥራው ነው። ጫጫታው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ፈንዲሻ የሚንጣጣው የሸክላ ጭረት ነው። በአገራችን ሸክላ መታተሙ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ቀርቶ ካሴት ስለተተካ፣ ያ ዘፈን ከየት ዘመን ዕቃ እንደተቀዳ ጭረቱ ይነግራችኋል። በዘፈኖች መካከል የሚሰማው ቀጭታ የቀጂው ጣት ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ በሩቁ የሚሰማ የራሱ የዘፈኑ ድምፅ ካለ አትደንግጡ፤ ክሩ ለዓመታት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ አንዱ ዙር በላዩ ለተደረበው ዙር ድምፁን ያጋባበታል። ለማስቀመጫ የምትገለብጡትን እንዳለ ገልብጡት። ማጽዳት ካማራችሁ ሌላ ቅጂ ላይ አጽዱ።

በጥቂቱ ደግሞ

ወጥ እየሠሩ ወይም ቤት እየጠረጉ መስማት ለሁለተኛው ጊዜ ይሁን። ካሴቱን ድምፅ ማጉያ ላይ ወይም ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ማግኔቱ ያጠፋዋል፣ ሙቀቱ ያጣምመዋል። ለጎረቤትም አታውሱት።

ባለቤቱን ማደን

ሁለት ጊዜ ወደ ምናለሽ ተራ ተመልሻለሁ። ሻጩ ቴፑን ከቆራሌ በጅምላ እንደገዛው ነገረኝ፤ ቆራሌው ደግሞ ከየት ሰፈር እንደሰበሰበው አያውቅም። የእጅ ጽሑፉን ፎቶ አንሥቼ «ይህን የጻፈ ማን ነው?» ብዬ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም።

ፍለጋ ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ለብቻቸው የሠሩት ካሴት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ በብራያን ሺምኮቪትዝ፣ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ። ሰውየው አፈላልጎ ባለሙያውን አገኛቸው፤ ያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ታተመና ወደ መድረክ ተመለሱ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። እርሳቸው ስማቸውን ካሴታቸው ላይ ጽፈው ለሕዝብ የሸጡ ሙዚቀኛ ናቸው። የእኔው ሰው ስሙን አልጻፈም፤ የጻፈው ለአንዲት ሴት የተነገሩ ሁለት ቃላት ነው።

እነዚያ ሁለት ቃላት እኔንም ለብዙ ቀን አታልለውኛል። «ጀምሪ» ሲል ሴት ነኝና ለእኔ የተባለ ያህል ይሰማኝ ነበር፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ለብቻዬ ፈገግ ያልኩበት ጊዜ አለ። ከዚያ እርሷ ትዝ አለችኝ። ካሴቱ ደርሷት ሰምታዋለች? ወይስ ሳይሰጣት ቴፑ ውስጥ እንዳለ ቀረ? ዛሬ ባል ያላት፣ ልጆች ያደረሰች ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ያ የእጅ ጽሑፍ በሺህ ስልክ ላይ ሲዞር ብታየው ደስ እንደሚላት በምን አውቃለሁ? ፎቶውን አጠፋሁት።

የተቋረጠውን መሙላት

የሁለተኛው ገጽ ሰባተኛና መጨረሻ ዘፈን የእንቁጣጣሽ ነው። ዘፋኟ ሁለተኛውን ቤት ጀምራ ገና ትንፋሽ ስትወስድ ክሩ ያልቃል፤ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ይነሣል። የቤት ካሴት ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ሳይቆጥር የጀመረ ሰው እንዲህ ይሆናል። አሥራ አምስት ዘፈን በወር በወሩ የደረደረ ሰው ግን ደቂቃ መቁጠር አቃተው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። መስከረምን ደጅ ድረስ አምጥቶ ሳያስገባው የተወው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

እኔ ግን በዚያው ሌሊት ስልኬን አውጥቼ የዘፈኑን ስም አስፈለግሁ። ስልኩ ሁለት ጊዜ አላውቀውም አለኝ፤ የአሮጌ ቴፕ ፍጥነት ትንሽ ሲዛነፍ ቅኝቱም ስለሚዛነፍ ነው። በሦስተኛው አገኘው። ሙሉውን ሰማሁት። ጥሩ ዘፈን ነው፤ ከተቋረጠበት ቀጥሎ ሦስት ቤት አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሴቱ ቀጭ ሲል ለእኔ አይቆምም፤ ጆሮዬ ቀሪውን ብቻውን ይዞት ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ እህቴ መጣች። ያንን የታጠበ ቅጂ እንድታጠፋው አድርጌ ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመርኩላት፤ ስለ ዘፈኖቹ ምንም አልነገርኳትም። ቁልፉ ሲነሣ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ ቴፑን ታየው ነበር።

«ቀጥሎስ?» አለችኝ።

አልነገርኳትም።