ወገብ ላይ የማይረጋ ሽጉጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በጎጃም መሣሪያ ብርቅ አይደለም። ጠመንጃ ግን ትከሻ ላይ ስለሚታይ ጉድለቱን ሌላው ሰውም ያየዋል። የሽጉጥ ጉድለት ከጋቢ ስር ተሸፍኖ ይከርምና የሚታወቀው ከወደቀ ወይም ከጮኸ በኋላ ነው። እዚህ የተጻፈው ፈቃድ ላለው ሰው ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስከስሳል፤ የፈቃዱ ወረቀት ቤት ቀርቶ ሽጉጡ ብቻ መንገድ አይውጣ።

ከታች ያለው ሙከራ ሁሉ የሚደረገው በባዶ ሽጉጥ ነው። ባዶ ማድረግ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ካርታው (ጥይት የሚደረደርበት መያዣ) ይወጣል፣ ቀጥሎ የላይኛው ተንሸራታች ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፣ ከዚያ የጥይቱ መግቢያ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የጎረሰውን ጥይት አውጥቻለሁ ሲል ተንሸራታቹ ሲመለስ ከካርታው ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ካርታውን ኋላ ቢያወጣውም ያ ጥይት ውስጥ ቀርቷል። «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ሰው የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ይህ ሲሠራ አፈሙዙ አሸዋ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ሞላበት ማዳበሪያ ይዙር። የጭቃ ግድግዳም ቆርቆሮም ጥይት ያቆማል ተብሎ አይታመንም፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ጎረቤት አለ።

ሽጉጡ ይንሸራተታል፣ ሱሪውን ወደ ታች ይጎትታል

ከሶቪየት ሠራሽ ሽጉጦች ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ቶካሬቭ ደግሞ 850 ግራም ገደማ። ስምንት ጥይት ሲጨመርበት ስስ የገበያ ቀበቶ አይችለውም፤ ይጠመዘዛል፣ እጀታውም ወደ ውጭ ይዘነበላል። ያለ ማህደር (የሽጉጥ አፎት) ሱሪ ውስጥ የተሻጠ ሽጉጥ ከዚህም የባሰ ነው፤ የያዘው የሆድ ግፊት ብቻ ስለሆነ ሰውየው ሲቀመጥ ይላላል።

ቀበቶው ከ3.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለት ድርብ ቆዳ ተደርቦ የተሰፋ ይሁን። ጫማ ሰፊም ቢሆን ይሠራዋል፤ ዋናው ነገር የማህደሩ ማስገቢያ ከቀበቶው ስፋት ጋር ልክ መግጠሙ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ቀበቶው ጥሩ ቢሆንም ማህደሩ ይዋልላል። ቦታው በቀኝ ዳሌ ላይ፣ ከሱሪው የጎን ስፌት ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ቀጥ ብሎ ጀርባ ላይ የገባ ሽጉጥ በጀርባ ለወደቀ ሰው አከርካሪ ጠላት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ባዶውን ሽጉጥ ማህደሩ ውስጥ ከተው ጋቢ በተነጠፈበት አልጋ ላይ ይገልብጡትና ያራግፉት። ከወደቀ ማህደሩ አይሆንም። ካልወደቀ ታጥቀውት ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ ይበሉ፣ ጎንበስ ብለው ከመሬት ዕቃ ያንሱ፣ ባጃጅ ይሳፈሩ። እጅዎ ሽጉጡን ሊያስተካክል አንዴም ከሄደ ሥራው አላለቀም። የሚነካካ እጅ ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ አንደኛ፣ ሽጉጥ እንዳለ ለገበያው ሁሉ ይናገራል፣ ሁለተኛ፣ ጣት ወደ ምላጭ (ሲሳብ ወደሚያስተኩሰው ብረት) የሚጠጋበት አጋጣሚ ያበዛል።

ከልብስ ስር ጉብ ብሎ ይታያል

ብዙ ሰው ትንሽ ሽጉጥ ይፈልጋል፤ ጉብ የሚለው ግን እጀታው እንጂ አፈሙዙ አይደለም። ማህደሩ እጀታውን ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ ወደ ጎን የሚያስጠጋ ከሆነ ትልቁም ይሸፈናል። ጃኬቱ ከቀበቶው በታች አንድ ስንዝር ይውረድ፤ በአውቶቡስ ላይኛውን ብረት ለመያዝ ክንድ ሲነሳ ልብስ ስንት እንደሚሰበሰብ በመስታወት ይታያል። ጋቢና ኩታ ብቻቸውን መሸፈኛ አይሆኑም፤ ሰላምታ ሲሰጡ ከትከሻ ይወርዳሉ።

ማህደር ውስጥ ሲገባ ይከብዳል፣ አንዳች ነገር ይይዘዋል

ከሁሉም አደገኛው ምልክት ይህ ነው። መንስኤው የጋቢ ዘርፍ፣ የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ፣ የሸሚዝ ጫፍ ወይም ያረጀ ቆዳ ሊሆን ይችላል። የማህደሩ አፍ ከለሰለሰ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍና እንደ ጣት ምላጩን ይጫናል። ሰውየው «አልገባም» ብሎ ሲገፋ የገዛ ጭኑን ይመታል።

ከከበደ አይግፉ። ያውጡት፣ ዓይንዎ ማህደሩ ውስጥ ይመልከት፣ ልብሱን በሌላው እጅ ገልጠው ይያዙት። ጣት ከምላጩ ውጭ በሽጉጡ ጎን ተዘርግቶ ይሁን፣ አውራ ጣት መዶሻው (ከሽጉጡ ኋላ ያለው መቺ ብረት) ላይ ይረፍ፤ መዶሻው ሲነሳ አውራ ጣት ቀድሞ ያውቃል። ከዚህ የሚሻለው ማህደሩን ከቀበቶው አውልቆ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስገብቶ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መታጠቅ ነው። አፉ የተጣጠፈ ማህደር አይጠገንም፤ ይጣላል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን ማህደርም ማህደር አይባልም። በኪስ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚያዝ ሽጉጥም ከዚሁ ይቆጠራል።

ማካሮቭ ሴፍቲው ወርዶ ይገኛል

ሴፍቲ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚያግደው ማገጃ ነው። በማካሮቭ ሴፍቲ የሚያዘው ወደ ላይ ሲገፋ ነው፤ ቀዩ ነጥብ ከታየ ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ቤሬታ 92FS በተባለው የጣሊያን ሽጉጥ ግን ሴፍቲ የሚያዘው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ሽጉጡን እየፈታ ዘጋሁት ይላል። ራሱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ወይ ቀበቶውና ልብሱ እየታከኩት ነው፣ ወይ ማቆሚያው ተበልቷል። የመጀመሪያው ሴፍቲውን በሚሸፍን ማህደር ይፈታል፤ ሁለተኛው የመሣሪያ ባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ ሞረድ ይዞ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ማካሮቭ ሴፍቲው እንደተያዘ ተንሸራታቹ አይሳብም። ስለዚህ ባዶ ለማድረግ ሴፍቲው መውረድ አለበት። አሸዋው የሚያስፈልገው በዚህች ቅጽበት ነው።

ቶካሬቭ ሴፍቲ የለውም፤ ታዲያ እንዴት ይያዝ?

ጥይት ሳይጎርስ። የመዶሻው ግማሽ መቆሚያ (መዶሻው በግማሽ ተስቦ የሚያዝበት ጥርስ) እንደ ሴፍቲ ይቆጠራል፤ በአሮጌ ሽጉጥ ላይ ግን ያ ጥርስ ይበላል። መዶሻው ወርዶ ጥይት ከጎረሰም ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው ድንጋይ ካገኘው ሊተኩስ ይችላል። ካርታው ይሙላ፣ ጥይት ግን አይጉረስ።

ማንኛውም ሽጉጥ ከእጅ ካመለጠ በአየር ላይ ለመቅለብ አይሞከር። የሚቀልብ እጅ ምላጩን ይዞ ያርፋል። ይውደቅ፣ ከዚያ ይነሳል።

ዝገት፣ አረንጓዴ ጥይት፣ የማይንቀሳቀስ መርፌ

ማለዳ ከጮቄ ተራራ ብርድ ወጥቶ እሳት የሚነድበት ቤት የገባ ብረት ያልበዋል። ደጀን ላይ ቀዝቅዞ አባይ በረሃ የሚወርድም በራሱ ላብ ይርሳል። ክረምት ሲሆን ቆዳው ማህደር ራሱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ሽጉጡ ውስጡ ካደረ ብረቱ ይዝጋል፣ የጥይቱ ነሐስ አረንጓዴ ያወጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ከማህደሩ ይወጣል፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ሦስት ጠብታ የመሣሪያ ዘይት በጨርቅ ይቀባል። ቅቤና የመኪና ግሪስ አይሆኑም። የማካሮቭ መርፌ (የጥይቱን ቂጥ የሚወጋው ቀጭን ብረት) ስፕሪንግ የለውም፤ በልቅነት ነው የሚንሸራተተው። ግሪስ ከያዘውና ወደ ፊት ከቀረ ጥይት ሲጎርስ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። የመርፌው ቀዳዳ ደረቅ ይሁን።

አንድ ጥይት በየቀኑ ሲጎርስና ሲወጣ እርሳሱ ወደ ቀለሃው ይሰምጣል፤ ግፊቱም ከልክ በላይ ይጨምራል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመው ያስተያዩት፤ ካጠረ አይጠቀሙበት።

የት መተው ይሻላል?

ጠጅ ቤት፣ ሠርግና ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሽጉጡን ቤት ይተወው። ቤት ማለት ግን ትራስ ስር ወይም ቆጥ ላይ አይደለም፤ ሕፃናት ሁለቱንም ያውቃሉ። ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቆለፍ። ኬላ ላይ ደግሞ እጅ ወደ ወገብ ሳይሄድ አስቀድሞ «ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቀኝ ጎኔ ላይ አለ» ይባላል፤ ሽጉጡንም ፈታሹ ራሱ ያወጣዋል፣ ወይም እርሱ እንዳዘዘ ይሆናል።