ክራውን ወይም ብሪጅ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ባለፈው ዓመት ቆሎ እየበላሁ አንድ ጠጣር ነገር ጥርሴ መሃል ገባ። ጠጠር መስሎኝ ተፋሁት። መዳፌ ላይ ያረፈው የመንጋጋዬ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱ ላይ የተጠለቀው ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ ነበር። ገልብጬ ውስጡን ሳየው ቡናማ ለስላሳ ነገር ተጣብቆበታል፤ ይሸታል። የበሰበሰው ጥርሴ ነው። ክራውኑ ራሱ ጭረት እንኳን አልነበረበትም።

ክራውን አይቦረቦርም፤ ከሥሩ ያለው ጥርስ ግን ይቦረቦራል። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ችግሮች የሚነሱት ከዚያ ነው።

ክራውኑ ወለቀ

አትጣሉት። በውሃ አለቅልቃችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡትና ይዛችሁት ሂዱ። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ሲሚንቶው ብቻ ለቆ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ አጽድቶ መልሶ ይለጥፈዋል። የጥርስ ስባሪ ይዞ ከመጣ ወይም እንደኔው ቡናማ ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱ ይታከማል፤ ብዙ ጊዜም አዲስ ክራውን ይሠራል።

ሱፐር ግሉ በፍጹም! ድድ ይጎዳል፣ ክራውኑም ተንጋዶ ይደርቃል። የላላ ክራውን አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁም አትተኙ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። "ስመቸኝ እሄዳለሁ" አትበሉ። ጎረቤት ጥርሶች ቀስ በቀስ ይጠጋሉ፣ ያኔ ክራውኑ አልገባም ይላል።

ስትነክሱ ያማል

አዲስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ነው። አፋችሁን ስትገጥሙ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካል። አፋችሁ ደንዝዞ ሳለ ስለተለካ ክሊኒኩ ውስጥ አልታወቃችሁም ይሆናል። ተመለሱ። ሐኪሙ ባለቀለም ወረቀት ያስነክሳችኋል፤ ቀለሙ የበዛበትን ቦታ ትንሽ ይሞርደዋል። የደቂቃዎች ሥራ ነው። "ይለመዳል" ብሎ መታገሥ ጥርሱን ይጎዳል።

የቆየ ክራውን ድንገት ማመም ከጀመረ ግን ሥሩ ተሰንጥቆ ወይም መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል።

ቀዝቃዛና ትኩስ ይሰማዋል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ ቢጠዘጥዘው አትደንግጡ። ውሃው ሲዋጥ ሕመሙም አብሮ ከጠፋ እየተረጋጋ ነው። ትኩስ ቡና ጠጥታችሁ ሕመሙ ደቂቃዎች ከቆየ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ ነርቩ ተጎድቷል። መፍትሄው ሩት ካናል፣ ማለትም የተጎዳውን ነርቭ አውጥቶ የጥርሱን ውስጥ ማጽዳትና መሙላት፣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክራውኑን ሳያወልቁ ከላዩ በስተው ይሠሩታል።

ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ እብጠቱን ቢቀንስም ምክንያቱ እዚያው ነው። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ብሪጁ ይሸታል

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ብሪጅ የጎደለ ጥርስን የሚተካ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ግራና ቀኝ ባሉ ጥርሶች ላይ ይቆማል። አንዱ ጫፍ ቢለቅ ሌላው ይዞት ስለሚቆይ አይወድቅም። በላላው በኩል ምራቅና ምግብ ይገባል፣ ጥርሱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል።

የአክስቴን እንዲህ ነው ያወቅነው። መስታወት ፊት ቆማ ብሪጁን በጣቷ ጫፍ ጫን ለቀቅ አደረገችው። በድዱ ዳር ትናንሽ አረፋ ወጣ። አረፋ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ያውልቀው። ቶሎ ከተደረሰበት ተሸካሚው ጥርስ ይተርፋል።

አረፋ ከሌለ ከመሃለኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር የተጠራቀመ ምግብ ሊሆን ይችላል። ጥርሶቹ ስለተያያዙ ተራ የጥርስ ክር ከላይ አይገባም። ጫፉ ደረቅ የሆነውን፣ ሱፐር ፍሎስ የሚባለውን፣ ከጎን አሾልኩና በየቀኑ ማታ ጥረጉ። ስቴኪኒ ድድ ይወጋል እንጂ አያጸዳውም።

ተሸረፈ፣ ወይም ድዱ ዳር ጠቆረ

ትንሽ ሽርፍ ይለሰልሳል ወይም ይሞላል። በእንቅልፍ ጥርስ የምታፋጩ ከሆነ ማታ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ የሌሊት መከላከያ አሠሩ፤ አለዚያ ይደገማል። ጥቁሩ መስመር ብዙ ጊዜ ድድ ሲሸሽ የሚታየው የውስጥ ብረት ነው። ያላችሁ ዚርኮኒያ የሚባለው ብረት የሌለው ሴራሚክ ከሆነ ግን አስመርምሩት።

ከውጭ ለእረፍት መጥታችሁ የምታሠሩ፣ እባካችሁ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ከተለጠፈ በኋላ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት በልታችሁበት እዩት። የራጁን ቅጂና ክራውኑ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀትም ተቀበሉ፤ ችግር ቢነሳ እዚያ ያለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።