የሰፈር ኳስ ቡድን ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ኮተኒ የማያወራ የለም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። ጥር 1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ለዚሁ ቡድን ተጫውቷል። የኮተኒ ታሪክ አይጠፋም፤ ተጽፏል። እየጠፋ ያለው የትንንሾቹ ነው። ዋንጫ የሌላቸው፣ ጋዜጣ ላይ ስማቸው ያልወጣ፣ አቧራ ላይ ተጫውተው ያረጁት። እኔ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለውን የሰፈሬን ቡድን ታሪክ እየሰበሰብኩ ነው። እናንተም የሰፈራችሁን ጀምሩ፤ አካሄዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወደ ተጫዋቾቹ አትሂዱ። የድሮ ተጫዋች የሚያስታውሰው ያገባውን ጎል ነው። ማሊያ ያጠበውን፣ ውሃ ያቀበለውን፣ ገንዘብ ያዋጣውን ፈልጉ። እኛ ሰፈር ማሊያ የሚያጥቡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ማሊያው ከሱቅ እንዳልተገዛ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ነጭ ካናቴራ ተገዝቶ እቤት ቀይ ቀለም ተነከረ። ልጆቹ ሲያልባቸው ቀለሙ ደረታቸው ላይ ይቀር ነበር። ቁጥሩን ከነጭ ጨርቅ እየቆረጡ በእጃቸው ሰፉት። ስምንት ቁጥርን መቁረጥ ስላስቸገራቸው ተዉትና በምትኩ አስራ ሁለትን ሰፉ። የቡድኑ ፎቶ ላይ ለምን ስምንት ቁጥር እንደሌለ ከተጫዋቾቹ አንዱም ሊነግረኝ አልቻለም ነበር።

ዓመተ ምህረት በቀጥታ አትጠይቁ። «መቼ ነው?» ስትሏቸው «ድሮ ነዋ» ነው መልሱ። ሰው የሚያስታውሰውን ትልቅ ነገር አንሱ። የካቲት 1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬ ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን ስታዲየማችን ገብተዋል። «ያኔ ቡድኑ ነበር ወይስ ፈርሷል?» በሉ። ከዚያ በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ይመጣል። ለቅርቡ ደግሞ የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ አለ። በነዚህ መሀል እያጠበባችሁ ስትሄዱ ዓመቱ ይገኛል።

ፎቶ ካገኛችሁ ቶሎ አትለፉት። የፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም አንሱ፤ የፎቶ ቤት ማህተም ወይም የእጅ ጽሑፍ አይጠፋም። የእኛው ፎቶ ላይ መሀል የተቀመጠው ልጅ ኳስ ታቅፏል፤ ኳሱ ላይ በነጭ «57» ተጽፏል። ድሬ ደግሞ የባቡር ከተማ ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጽፍ ሞልቷል። ታዲያ የእኛ 1957 ነው ወይስ የፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። በረኛው 1937 እንደተወለደ ከቤተሰቡ አጣራሁ። በፈረንጅ ከሆነ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሊሆን ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ጺም አለው። ስለዚህ የእኛው 1957 ነው።

ሽማግሌዎቹን አንድ ላይ ማግኘት ከፈለጋችሁ ከሰዓት በርጫ ላይ ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨምራል፤ የተረሳ ስም ሁሉ ይነሳል። መርቃና ላይ ግን ሁለት ለባዶ የነበረው አምስት ለባዶ ይሆናል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት፣ ሻይ ላይ፣ ለየብቻ ደግማችሁ ጠይቁ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር የተስማማበትን እኔ እቀበላለሁ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀናቸውን በቋንቋቸው አናግሯቸው፤ እናንተ ካልቻላችሁ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በአማርኛ ሦስት ቃል የመለሱልኝ አባት በኦሮምኛ ሲጠየቁ ሐረር ሊጫወቱ በጭነት መኪና የደንገጎን ዳገት የወጡበትን ቀን ሙሉውን አወሩን።

ስም ስትጽፉ ቅጽሉንም የአባት ስሙንም ጻፉ። ድሬ ውስጥ በቅጽል ስሙ ካልጠራችሁት ጎረቤቱም አያውቀውም። መዝገብ ላይ ደግሞ ያለው የአባት ስም ነው።

ወረቀት ብዙ አትጠብቁ። ጎርፉ ከሰውም ከቤትም ጋር ብዙ ነገር ወስዷል፤ አልበምና የድሮ ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋች መታወቂያ፣ ከነሳጥኑ ሄዷል። ወንዝ ዳር ያለ ሰፈር ከሆነ፣ ከጎርፉ በፊት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጅቡቲ የሄዱትን ዘመዶች ጠይቁ። ይዘውት የሄዱት ፎቶ ተርፏል። በቴሌግራም ይልኩላችኋል፤ ብቻ እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ ስለሚታተም አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ጎራ በሉ። ዓመቱን ሳታጠቡ ግን አትሂዱ፤ ገጽ ስትገልጡ ትውላላችሁ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከማሳተማችሁ በፊት ለሽማግሌዎቹ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ይጣላሉ። «አቦ ተወና፣ እሱ መቼ ተሰልፎ ያውቃል!» የሚል አይጠፋም። ዳኛ አትሁኑ። ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም ጻፉ፤ ያልታወቀውን ተጫዋች ቦታም ክፍት ተዉት፣ አንድ ቀን የሚያውቀው ሰው ያነበዋል።