ዝናብ ሲበረታ ቤትን ከእርጥበትና ከሻጋታ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይ ብዙ ሰው ቀለም ለመቀባት ይቸኩላል። ቀለሙ ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል፤ ውሎ አድሮ ግን ይነፋና ይላጣል፣ ሻጋታውም እንደነበረው ብቅ ይላል። ሻጋታ የሚኖረው ውሃ ስላገኘ ነውና መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ።

መንገዱ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ እድፍ ካዩ ጣሪያውን፣ አሸንዳውንና የግድግዳውን ስንጥቅ ይጠርጥሩ። እርጥበቱ የግድግዳውን ግርጌ ይዞ ከበላዩ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ከጣለ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ነው። ሦስተኛው ከቤት ውስጥ የሚነሳው ነው፤ ከድስት፣ ከገላ መታጠቢያ፣ ከተሰጣ ልብስ፣ ከትንፋሻችንም ጭምር የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው አላበው የምንለው ይሄኔ ነው።

ለመለየት ካስቸገረ አንድ ሙከራ አለ፤ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ቦታውን በጨርቅ አድርቀው የደብተር ገጽ የሚያህል ላስቲክ ይለጥፉበት፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይመልከቱት። ውሃ ያዘለው ወደ ክፍሉ የዞረው ፊት ከሆነ ችግሩ የቤቱ አየር ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ውሃው በግድግዳው በኩል እየመጣ ነው፤ ያን ጊዜ መስኮት ከፍተው ቢውሉ ቢያድሩም ለውጥ የለም።

ከውጭ ለሚመጣው መፍትሔው ውጭ ነው። አሸንዳውን ከቅጠልና ከአፈር ያጽዱ፤ የሚያወርደው ውሃም ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ያድርጉ። ግድግዳው ላይ የተደገፈ አፈር ካለ ይዛቁት። ስንጥቅ የሚደፈነው ግድግዳው ሲደርቅ ነው።

ከውስጥ ለሚነሳው ደግሞ ልማድ መለወጥ ያስፈልጋል። ዝናብ ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ መስኮት ዘግቶ መዋል የተለመደ ስህተት ነው። ውጭው ከቤቱ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ርጥብ ቢመስልም እንኳ አየሩ የያዘው ውሃ ብዙ ጊዜ ከውስጡ ያነሰ ነው፤ ገብቶ ሲሞቅ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ዝናቡ ጋብ ሲል ትይዩ መስኮቶችን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይክፈቱ። ሞቃትና ወበቅ በሆነ ቀን ግን ይህ አይሠራም። ድስት ይክደኑ፤ ሲታጠቡ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ። ቁም ሳጥንና አልጋን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁ፤ ሻጋታ አየር የማያገኘውን ጀርባ ይወዳል። የአየር እርጥበት መለኪያ ካለዎት የቤቱ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል እንዲሆን ይጣሩ። የረጠበ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። ጓንትና አፍንጫን የሚገጥም ማስክ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ወደ ሌላው ክፍል የሚወስደውን በር ይዝጉ። በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ዘሩ እንደ አቧራ ቤቱን ይሞላዋል። በሳሙናና በውሃ አጥበው ወዲያው ያድርቁ። በረኪና ጥቁሩን ያነጣል እንጂ ልስን ውስጥ ጠልቆ የገባውን እምብዛም አይደርስበትም። ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከቶ አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉ።

ልስን ለመድረቅ ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። የላስቲኩን ሙከራ ይድገሙት፤ ሁለቱም ፊት ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ቀለም መቀባት ይችላሉ።