ጌሚንግ ኮምፒውተር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ሱቅ ገብተው «ጌም የሚያጫውት ፈልጌ ነበር» ቢሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት መልስ «ይሄ ኮር አይ 7 ነው» የሚል ነው። ይህ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ስም ነው። በዚህ ብቻ ተማምኖ መክፈል የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጄኔሬሽኑን (የስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ይጠይቁ። አይ 7-2600 የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ አይ 3-12100 ደግሞ በ2022። ሁለቱም ባለ አራት ኮር ናቸው። ጌም ላይ ግን አዲሱ አይ 3 አሮጌውን አይ 7 በሰፊው ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፦ 2600 ሁለተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ማለት ነው። ወላጆች ለልጃቸው ብለው ባጠራቀሙት ብር የአሥር ዓመት ዕቃ ይዘው ሲመለሱ ማየት በጣም ያናድዳል።

ሁለተኛው፣ ብሩን ፕሮሰሰር ላይ ጨርሶ፣ የጌሙን ምስል ለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የተረፈውን መስጠት ነው። ለጌም ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበት ካርዱ ነው። «4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» መባሉም አይበቃም፤ ጊጋው የካርዱ ሜሞሪ መጠን ብቻ ነው። ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ አለ፤ ጂቲኤክስ 1650ም ባለ 4 ጊጋ ነው። በአቅም ግን አይገናኙም። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ይጠይቁ። ፎርጅድ ካርድም አለ፤ የድሮው ተነካክቶ በአዲስ ስም ይሸጣል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ቢሄዱ ብዙዎቹን የኤንቪዲያ ፎርጅዶች ያጋልጥልዎታል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ላይ ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያለ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር በርካሽ ገዝቶ ካርድ መጨመር እኛ ጋ የተለመደ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ፣ የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ብዙዎቹ ላይ በመደበኛ ፓወር ሰፕላይ መተካትም አይቻልም። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። አርቲኤክስ 3060 ግን 170 ዋት ይፈልጋል፤ ኤንቪዲያ ለሱ የሚመክረው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። አንዳንዱ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ቀጥሎ ያገናኘዋል። ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ ገመዱ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ 1650 ይበቃል። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ቁመቱ አጭር ካርድ ካልሆነ አይገባም፤ ለክተው ይሂዱ።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ለሚሰጠው ዩፒኤስ የሚሆን ከበጀቱ ላይ ያስቀሩ። በቀለም መብራት ከተንቆጠቆጠ ኬዝ ይልቅ እሱ ይጠቅምዎታል።

ራም ሲገዙ አንድ ባለ 16 ጊጋ ከማድረግ ሁለት ባለ 8 ያድርጉ፤ ጌሙ ይፈጥናል። ዲዲአር 4 እና 5 የራም ዓይነቶች ናቸው፤ ዲዲአር 4 ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ዲዲአር 5 ራም እንደማይቀበልም አይርሱ። ጌሞቹን የሚጭኑበት ደግሞ ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ኤስኤስዲ ይሁን።

ኮምፒውተሩን ሳይፈትሹ አይክፈሉ። የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ከበድ ያለ ጌም ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ወይም የሚግል ካርድ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታወቃል፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ወይ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።