በ1700ዎቹ አሜሪካ የገባ ጀርመናዊ ቅድመ አያት ለምትፈልጉ

የምትፈልጉት ሰው በፊላደልፊያ ወደብ የገባ ከሆነ ከመሐላ መዝገቡ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ1727 ጀምሮ የፔንስልቬንያ ቅኝ ግዛት፣ ከመርከብ የሚወርዱ ጀርመናውያን ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ምለው እንዲፈርሙ ያደርግ ነበር። ዝርዝሮቹ እ.ኤ.አ. በ1934 ታትመዋል፤ የፊርማዎቹ ቅጂም አብሮ አለ።

አደራ፣ በፊደል የታተመውን ስም ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉ! የመርከቡ ካፒቴን ያስረከበው ዝርዝር ብዙ ጊዜ በጆሮ እንደተሰማው የተጻፈ ነው። አንድ ሰው በሁለትና በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ፊርማው ግን የራሱ እጅ ነው። በኋላ ኑዛዜ ወይም የመሬት ውል ላይ ከፈረመው ጋር አስተያዩት። ሞክሼዎችን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መጻፍ የማይችሉት ምልክት ብቻ ያደርጉ ነበር፤ እሱም ቢሆን ይጠቅማል።

ሴቶችና ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አልፈረሙም። ስለዚህ የሚስት ስም አጣሁ ብላችሁ ሰውየው ብቻውን ነው የመጣው አትበሉ።

በ“ዮሐን” ብዛትም አትደናገሩ። ወንድማማቾች ሁሉ ዮሐን ተብለው ሊጠመቁ ይችላሉ። ዮሐን ፔተር የተባለውን ጎረቤት የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ፔተር ብሎ ነው።

ጀርመን ያለውን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ለመክፈት የትውልድ መንደሩን ማወቅ የግድ ነው። መንደሩ ከጠፋባችሁ በፔንስልቬንያ የሉተራንና የሪፎርምድ (ሁለቱም ፕሮቴስታንት ናቸው) አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት መዝገብ ላይ የልጆቹን ክርስትና አባትና እናት እዩ። ብዙዎቹ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ናቸው። የእነሱን መንደር ፈልጉ።