ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ስለ ዓለም ሕፃናት እንዲናገሩ

ጅማ ውስጥ ዜግነት አስተምራለሁ፤ የሕፃናት መብት ክበቡም የእኔ ኃላፊነት ነው። ክበብ የተሰጣችሁ መምህራን ካላችሁ፣ እኛ እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ልጆቹ ረሃቡንም ጦርነቱንም ውኃውንም አንድ ቻርት ላይ መደርደር ይወዳሉ። እንዲህ ያለውን ቻርት ከሠራው ልጅ በቀር ማንም አያነበውም። የእኛ ጉዳይ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ነው። ቡና ለቀማ ሲደርስ የአንዳንድ ልጆች ወንበር ባዶ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ከዚያ ወደ ዓለም ውጡ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 138 ሚሊዮን ሕፃናት በጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ነበሩ። 61 በመቶው ግብርና ላይ ናቸው። ቁጥሩ ብቻውን ጆሮ አይገባም፤ «የመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ ያህል ነው» በሏቸው። የጋናና የኮትዲቯር ካካዎ እርሻንም አንሱ። ቡና ሲለቀም ያየ ልጅ ካካዎውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ቅዳሜ ከእናቱ ጋር ቡና የለቀመ ልጅ ተበዘበዘ አይባልም። ሥራው ከትምህርት ሲያስቀረው ወይም ጤናውን ሲጎዳው ነው ችግሩ። ይህን ሳትለዩ ከተናገራችሁ ወላጅ ይቆጣል፤ እውነቱንም ነው።

ፎቶ ደግሞ በጭራሽ! ሊስትሮውን ልጅ በስልክ አንስቶ ፖስተር ላይ መለጠፍ ማሳፈር ነው። ከሰዓት ጫማ የሚጠርገው ልጅ ጠዋት አጠገባችሁ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። በፎቶ ፋንታ ልጆቹ አጭር ጭውውት ያዘጋጁ፤ ባለታሪኩ ምናባዊ ይሁን። በሚኒ ሚዲያ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ሰልፉ ይንጫጫል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይቅረብ። አንዱን ቋንቋ ብቻ ከመረጣችሁ ግማሹ ወላጅ የለም ማለት ነው።

ቀኑን በተመለከተ እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ያጸደቀው በኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ እኛ ጋ ለቀማው ከሚጦፍበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው፤ በ1968 ዓ.ም. የተገደሉት የደቡብ አፍሪካዋ የሶዌቶ ተማሪዎች ይታሰቡበታል። ታሪኩ ልጆቹን በጣም ይይዛቸዋል። ግን ሰኔ ላይ ስምንተኛ ክፍልን ከፈተና ውጭ ስለ ምንም ማናገር አይቻልም።

ገበያ መውጣት ካሰባችሁ፣ ሂርማታ ሐሙስ ሰው ይሞላል። የወላጅ ፈቃድና የቀበሌ ደብዳቤ ያዙ፤ ልጆቹም ያለ መምህር አይሂዱ። በራሪ ወረቀት አታባክኑ፤ ቡና መቋጠሪያ ይሆናል። ቆሞ ማናገር ይሻላል።

በመጨረሻ ልጆቹ «ሕፃናትን እንርዳ» ብለው ብቻ ንግግራቸውን አይጨርሱ። አንድ የሚፈጸም ነገር ይጠይቁ። ለምሳሌ ለቀማ ላይ ለቆዩ ልጆች የማካካሻ ክፍለ ጊዜ። ጥያቄውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፤ ኮፒው ክበቡ ጋ ይቀመጥ። በሳምንቱ ሄደው «የት ደረሰ?» የሚሉ ሁለት ልጆችም ከአሁኑ ይመደቡ፤ ደፋሮቹን ምረጡ።